ሠ የጎደለችበት ዕትም

«ራተኛ ማለት ራት ለመብላት የሚሰበሰብ ማኅበር ነው» ሲል ሰማሁት፣ ዶክተሩን። እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ለነገው በዓል ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። በእኔና በኮሚቴው መካከል ያለው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ከታች ስለተላጠ ወሬ አይከለክልም። መስማት ፈልጌ አልነበረም። ብፈልግስ ደግሞ? የዚህን ቤተ ክርስቲያን ወሬ በአሥር ጣቴ ስጽፍ ነው ያረጀሁት፤ ዛሬ በጆሮዬ ብሰማው ምን ነውር አለው። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩና ወደ ኮምፔርሳቶው ጠጋ አልኩ።

ዶክተሩ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዶክትሬቱ የአፈር ነው። የትኛው መሬት ለጎመን፣ የትኛው ለሽንኩርት እንደሚስማማ አሳምሮ ያውቃል ይባላል፣ እኔ አልጠራጠርም። ጡረታ ሲወጣ የመጽሔታችንን የአርባ ዓመት ታሪክ እንዲጽፍ ተመረጠ፤ ኮሚቴው ውስጥ ከሱ ሌላ ዶክተር የሚባል ሰው ስላልነበረ ድምፅ መስጠትም አላስፈለገም። ታሪኩ አሥራ አራት ወር ፈጀ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ እኔን አንድ ጊዜ አነጋግሮኛል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ጠይቆኝ። ነገርኩት፣ አመሰገነኝ፣ በዚያው ተለያየን።

አሁን እሱ ያነባል፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ በየመሐሉ «ድንቅ ነው» ይላል። ሊቀመንበሩ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መደብር አለው። ዛሬ በምናሳትማት ባለ ቀለም መጽሔት ላይ፣ ባለፈው ዕትም ብቻ፣ አሥራ አንድ ፎቶግራፍ ወጥቶለታል፤ ሥላሴ እንኳ ሦስት ናቸው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ አሁን ግን ለብቻችን ስለሆንን «እሱ» ይበቃዋል። «የመጽሔታችን ታሪክ በሦስት ይከፈላል» ይላል ዶክተሩ። «ከአንደኛው እስከ ስምንተኛው ዕትም ያለው ዘመነ ሠ ነው። ዘጠነኛው ዕትም ብቻውን ዘመነ ዝምታ ነው። ከአሥረኛው ወዲህ ያለው ዘመነ ሰ ይባላል። መሥራቹ አዘጋጅ በዘጠነኛው ዕትም ‹ሥላሴ› የሚለውን ቃል ሲጽፉ የመጀመሪያዋን ፊደል ትተው ባዶ ቦታ አኑረዋል። ምሥጢር በፊደል እንደማይያዝ ሲያስተምሩን ነው።» ከዚያ የገንዘብ ያዥዋ ድምፅ መጣ፤ ሴትዮዋ ልበ ቅን ናት፣ ያሳዝነኛል፣ ከነሱ ጋር መዋሏ። «ዶክተር፣ የሥጋ ቤቱ ማስታወቂያ ላይም እኮ ባዶ ነው፤ ‹ ጋ ቤት› ነው የሚለው» አለች። ዶክተሩ አልደነገጠም። «ሥጋም ምሥጢር ነው» አላት።

እዚህ ላይ አፌን በእርጥብ ፎጣ ያዝኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ዶክተሩ ከዚያው ዕትም የመጨረሻ ገጽ አንድ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ፤ እኔ በእጄ የጻፍኩትን፣ ዐይኔን ጨፍኜ የምወጣውን ማስታወቂያ። «ከቅጥሩ በስተጀርባ ያለችው ክፍል፣ በሕይወት እስካለች ድረስ፣ ለራተኛዋ እንድትሆን ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወስኗል።» ከዚያ ፈታው። ራተኛ የራት ማኅበር ነው፣ «ዋ» የአክብሮት ነው፣ በሕይወት እስካለች የተባለችው ደግሞ መጽሔቷ ናት። ስለዚህ ያቺ ክፍል የመጀመሪያዎቹ አባላት ከሥራ በኋላ አብረው ራት የሚበሉባት የተቀደሰች ክፍል ነበረች፤ መጽሔቷ እስካለች ድረስም የመጽሔቷ ናት፤ ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሙዚየም ትሆናለች። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «አለቀ» አለ። «መጽሔቷ ላይ የተጻፈን ማንም አይሽረውም። የመሥራቹ እጅ የነካው ሁሉ ቅርስ ነው።» ገንዘብ ያዥዋ ቀስ ብላ «እትዬስ? እሳቸው እኮ ይኖሩባታል» አለች። «እትዬ ዘመድ አላቸው» አለ ሊቀመንበሩ። «ወንድማቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ከበዓሉ በኋላ አንድ ሳምንት እንሰጣቸዋለን።»

እትዬ የተባልኩት እኔ ነኝ። የቅጥሩ ልጆች እትዬ ቀጭቀጭ ይሉኛል፤ ከጽሕፈት መሣሪያዬ ድምፅ የወጣ ስም ነው። ትልቅ ሰው የተባለው ወንድሜ ጋሼ ነው፣ መሥራቹ አዘጋጅ። ክፍሏ ደግሞ ሦስት በአራት ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መጽሔቷን የምናባዛበት ማሽን ቆሞበት የነበረው የሲሚንቶ መደብ፣ መደቡ ላይ አሁን የቡታጋዝ ምድጃዬ። ግድግዳው ላይ ዛሬም የማባዣ ቀለም አለ፤ ሁለት ጊዜ ቀብቼው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወጣ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬባታለሁ። ወረቀት አለሽ ወይ ብትሉኝ የለኝም። ቃለ ጉባኤውን ምስጥ በልቶታል፣ ከወሰኑት አምስት ሰዎች አራቱ ከመሬት በታች ናቸው፣ ጎመንና ሽንኩርት አለመሆናቸው ነው እንጂ ዶክተሩ ሄዶ ይጠይቃቸው ነበር። የቀረኝ ማስረጃ ያ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። እሱም ጉድ አፈላብኝ።

አሁን እውነቱን ስሙ። ጋሼ መምህር ነበር፤ መጽሔት የመጀመር ሐሳቡ የሱ ነው፣ ይሄን አልክድም። ሐሳብ ግን ስቴንስል፣ ማለት የማባዣውን የሰም ወረቀት፣ አይቆርጥም። እሱ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ሦስት መስመር ጽፎ ይሰጠኛል፣ እኔ አስፍቼ ሁለት ገጽ አደርገዋለሁ፣ ከላይ «ከአዘጋጁ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ማን ታመመ፣ ማን አገባ፣ ማን ለጣሪያው ስንት ቆርቆሮ ሰጠ፣ የማን ጃንጥላ ጠፋ። የአንድ ጃንጥላ ማስታወቂያ ሰባት ዕትም ሙሉ ወጥቷል፤ ባለቤቱ አዘጋጁ ራሱ ነበር፣ ጃንጥላውም በመጨረሻ ከራሱ ቁም ሣጥን ኋላ ተገኘ። ስልሳ ቅጂ፣ በሃያ አምስት ሳንቲም። በስምንተኛው ዕትም ማግስት፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ የሠ ብረት ተሰብራ ወለሉ ላይ ወደቀች። በዚያ መሣሪያ ሠ፣ ሡ፣ ሥ ሁሉም ከአንዲት ብረት ነው የሚወጡት፤ እናትየዋ ከሄደች ልጆቿም የሉም። ጥገና ወሰድኩት፤ ሠራተኛው አገላብጦ አየና «ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ስድስት ወር ይፈጃል» አለ። ይኸው አርባ ዓመት፤ መንገድ ላይ መሆን አለበት።

በጋሼ ምክር፣ ሠ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ባዶ እየተውኩ ጻፍኩ፤ እሱ በሹል የብረት ብዕር ስቴንስሉ ላይ በእጁ ሊሞላው ተስማማን። እጅ ጽሑፉ ያምራል። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱን ስቴንስል ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ብጠብቀው፣ ከረባቱን አስሮ ብቅ አለ፤ ለካ የጓደኛው ሠርግ ነው። «ስመለስ እሞላዋለሁ» አለኝ። ሲመለስ ግን ሰውዬው ራሱ ሞልቶ ነበር፤ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ። ዕትሟ እሑድ ጠዋት መውጣት አለባት፣ ምን ላድርግ፤ ባዶውን እንደ ባዶ አባዛሁት። ስለዚህ ዘጠነኛው ዕትም « ላሴ» አለ፣ « ጋ ቤት» አለ፣ የዚያኑ ጓደኛውን ወሬ ደግሞ፣ ሌሊት የጨመርኩትን፣ « ርጉ በደስታ ተፈጸመ» ብሎ አወጣ። ከዚያ በኋላማ ጋሼን መጠበቅ ትቼ፣ ሥላሴ ይቅር በሉኝ እያልኩ፣ በሠ ፈንታ ሰን መታሁ። ዘመነ ሰ ይኼ ነው። ማስታወቂያው ላይም «ለ ራተኛዋ» ያልኩት እኔው ነኝ። ሠራተኛዋ ማለቴ ነበር። ደመወዝ ስለማንከፍላት ክፍሏ ዕድሜ ልኳን ትሁናት ብለው የወሰኑላት፣ ስሟን መጻፍ ያፈረች ሠራተኛ፣ እኔ።

ብርጭቆዎቹን ሳላደርቅ ትቼ ወጣሁ። ጋሼ የሚኖረው ከልጁ ጋር ነው፣ በሁለት አውቶቡስ፣ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ በር ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁ። የወንድሜ ልጅ በሩን ከፍታ ሳመችኝና ስለ ቲማቲም ታወራልኝ ጀመር፤ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበረ፣ ዛሬ ጠዋት ስንት እንደገባ፣ ሻጩ ደግሞ ከሥር የፈረጠውን እንዴት እንደሚደብቅ። ደህና ልጅ ናት። ሳሎኗ ንጹሕ ነው፣ ሶፋው ከተገዛበት ላስቲክ አልወጣም፣ ስትቀመጥበት ይንጫጫል። ጋሼ መስተዋት ፊት ቆሞ ለነገ የሚለብሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ይለካል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ድሮ ትከሻ ነበረው። «መጣሽ? ጥሩ ጊዜ መጣሽ፣ ይቺ አዝራር ልትወድቅ ነው» አለኝ። መርፌ እንዲያመጡልኝ ጠየቅኩ። ከሰው ልትጣላ ሄዳ አዝራር የምትተክል ሴት ዐይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

እየሰፋሁ የሰማሁትን ነገርኩት፤ ራቱን፣ ሙዚየሙን፣ አንድ ሳምንቱን። የወንድሜ ልጅ ስለ ቲማቲም ማውራቷን አቆመች። ጋሼ መስተዋቱን ማየቱን አላቆመም።

«ምሥጢር ነው ብለህ የነገርካቸው አንተ ነህ?» አልኩት።

«እኔ አላስታውስም ነው ያልኩት። አላስታውስም ያልኩትን ጽፎ ሄደ፣ በሳምንቱ ‹ሊገልጹት አልፈቀዱም› ሆኖ መጣ። እኔ ምን ላድርግ?»

«አይደለም በላቸዋ። ብረቷ ተሰብራ ነው በል። ሠርግ ሄጄ ነው በል።»

ጋሼ ኮቱን ከነመርፌው አውልቆ ሰጠኝና ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፤ ላስቲኩ ተንጫጫ። «አንቺ ልጅ» አለኝ፤ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ለሱ ግን ልጅ ነኝ። «ሰማንያ አንድ ዓመት ኖርኩ። አርባውን ያስተማርኩት ነው። አንድም ሰው ተነሥቶ ይሄ ሰውዬ ጥልቅ ነው ብሎ አያውቅም። ደህና ሰው ነው ይሉኛል፣ ጨዋታ ያውቃል ይሉኛል። አሁን አንድ ዶክተር መጥቶ ጥልቅ ናቸው ብሎ ጻፈ። ነገ ሜዳልያ ያንጠለጥሉልኛል። ሠርግ ሄጄ ነው ልበላቸው?» ምን ትሉታላችሁ? እኔስ ብሆን መቼ ጥልቅ ነህ ብዬው አውቃለሁ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

«እኛ ጋ ትመጫለሽ እንጂ አክስቴ ሜዳ ላይ አትወድቂም» አለች የወንድሜ ልጅ፣ ሶፋውን በዐይኗ እየለካች። ሶፋው ለእኔ ያጥራል፤ እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም አላነሣነውም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ የእግር ኳስ ያሳያል። ማንም አያየውም፤ ሦስታችንም እሱን እናያለን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፣ እኔ ልንገራችሁ፤ የእኔና የጋሼ ዝምታ አርባ ዓመት ተቀምጦ ዱቄት ሆኗል። ከፋኝ። ክፍሏ ከመሄዷ ይልቅ እሱ አዝራሩን ጎተት አድርጎ «ጠብቃለች» ማለቱ ነው የከፋኝ። ተነሣሁና «አሥር ሰዓት ላይ ጉባኤ አለ፣ ታሪኩን ሊያጸድቁ ነው፣ አንተም ተጠርተሃል» አልኩት። «ዐውቃለሁ፣ መኪና ይልካሉ» አለ። እኔ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ራሴን አደፋፈርኩ። ጋሼ ባይናገር መሣሪያው ይናገር። አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብዬ ጎትቼ አወጣሁት፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ወገቤ ነው የሚያውቀው። ደግነቱ ሊቀመንበሩ ራሱ ለነገው ትርኢት ያምጡት ብሎኝ ነበር፤ አጠገቡ የሚቆመውን ጽሑፍም አሳትሞ ጨርሷል፦ «መሥራቹ አዘጋጅ የጻፉበት መሣሪያ»። ጋሼ በዚያ መሣሪያ የጻፈው ነገር ቢኖር አንድ ቀን በአንድ ጣቱ የራሱን ስም ነው፤ እሱንም ተሳስቷል። አቧራውን ጠረግኩ፣ ለሪባኑ ትንሽ ዘይት ሰጠሁት፣ ወረቀት አጎረስኩት፣ ታቅፌው ወደ አዳራሹ ገባሁ።

ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና የኮሚቴው አባላት ተቀምጠዋል። የታጠቡት ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ያላደረቅኳቸው ያስታውቃሉ። ጋሼ መሐል ላይ፣ በግራጫ ልብሱ፣ አዝራሩ ተቆልፎ። ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘጠነኛው ዕትም በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ በዓለም የቀረችው አንዲት ቅጂ ናት፣ ከአንድ ሟች ሣጥን ነው የተገኘችው። ዶክተሩ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ነጭ ጓንት አጥልቋል። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበው፤ ዘመነ ሠ፣ ዘመነ ዝምታ፣ ዘመነ ሰ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያነቀነቃቸው ጥልቀቱ ይሁን እንቅልፉ አልለየሁም። ራቱ ጋ ሲደርስ እጄን አነሣሁ።

«አቶ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ቃል ልጽፍላችሁ እችላለሁ?» አልኩ። «መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው።» ሊቀመንበሩ ደስ አለው፤ ፎቶ አንሺውን ጠራ። ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ቦታቸውን አልረሱም። «ሠራተኛ» ብዬ መታሁ፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ አዳራሹን ሲሞላው ሁለት ሦስት አሮጊቶች ፈገግ አሉ። ወረቀቱን መዝዤ ለገንዘብ ያዥዋ ሰጠኋት። «አንብቢው እስቲ የኔ ልጅ።» ወደ ብርሃን አስጠጋችው። « ራተኛ» አለች። «እኔ የመታሁት ሠራተኛ ነው» አልኩ። «ሠ የምትባለው ብረት በስምንተኛው ዕትም ማግስት ተሰብራ ወድቃለች። ምሥጢር የለውም፣ ዝምታም የለውም። ክፍሏም የተሰጠችው ለራት አይደለም፣ ለሠራተኛዋ ነው። ሠራተኛዋም እኔ ነኝ።» ይኼንን ስል ስሜን በአደባባይ የጠራሁ ያህል አፈርኩ።

ገንዘብ ያዥዋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። በቃ፣ ገባቸው አልኩ። ዶክተሩ ግን ተነሥቶ መሣሪያውን ጎንበስ ብሎ አየው፤ ብረቷ የነበረችበትን ባዶ ቦታ በጓንቱ ዳሰሰው፤ ቀና ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሯል። «ወገኖቼ» አለ፣ «ይኼ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ማስረጃ ነው። መሥራቹ ፊደሏን መተው ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያው ላይ አስነቅለዋታል ማለት ነው። ጥልቀቱን ተመልከቱ።» አጨበጨቡ። ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው ያደረጉልን፣ በምስጋናው ገጽ ላይ እናስገባዎታለን» አለኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ ከጄኔሬተሩ አከራይ ቀጥሎ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳላለቅስ መሣሪያው ላይ እጄን ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። ክፍሌን ተሰናበትኳት። ምድጃዬን የት እንደማደርገው ማሰብ ጀመርኩ።

ከዚያ የፊርማው ሰዓት ደረሰ። ጋሼ የታሪኩን መቅድም ፈርሞ ሊያጸድቅ ነው። ፎቶ አንሺው ግን መሥራቹ በአንድ እጃቸው ዕትሙን ቢይዙት ፎቶው ያምራል አለ። ዶክተሩ ትንሽ አመነታ፤ ሊቀመንበሩ «የመሥራቹ እጅ የነካው ሁሉ ቅርስ ነው፣ አውጣላቸው» አለው። ዘጠነኛውን ዕትም ከላስቲኩ አወጡለት፣ ሌላ እጁ ላይ ብዕር አስያዙት። ጋሼ ዕትሙን ወደ ዐይኑ አስጠግቶ ገለጠው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆየ፤ ሥላሴ ጋ ይሆናል። ሁለተኛውን ገለጠ፣ የሥጋ ቤቱን። ርጉ በደስታ የተፈጸመው ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው። አንገቱን ደፍቶ፣ አርባ ዓመት በጠበቀችው ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ጻፈ። ዶክተሩ «ጋሼ፣ ጋሼ፣ ቅርስ ነው» እያለ ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ጋሼ ቀና ብሎ አላየውም። ፊደሏን ከጨረሰ በኋላ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለባት።

«አንብበው» አለ ለሊቀመንበሩ።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አደረገ። «በሕይወት እስካለች ድረስ … ለሠራተኛዋ» አለ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተገላበጠ። ዶክተሩን አየ፣ ዶክተሩ ጋሼን አየ። ጠረጴዛ እየመታ የተናገረውን እሱው ያስታውሰዋል፤ መጽሔቷ ላይ የተጻፈን ማንም አይሽረውም፣ የመሥራቹ እጅ የነካው ሁሉ ቅርስ ነው። እኔም አስታውሳለሁ፣ ኮምፔርሳቶውም ያስታውሳል። ገንዘብ ያዥዋ እጇን አነሣችና «እንግዲህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ» አለች፤ የዛሬውን ምስጥ እንዳይበላው በሦስት ቅጂ ብላ ጨመረች። ሽማግሌዎቹ ይያዝ አሉ። ሙዚየሙ የሚሆንበት ሌላ ቦታ ይፈለጋል ተባለ፤ ዕቃ ቤቷ ትሁን ያለ ሰውም ነበር። ዶክተሩ ለጥቂት ጊዜ ግንባሩን ይዞ ተቀምጦ ነበር፣ ቀና ሲል ግን ፊቱ በርቷል። አራተኛ ዘመን አግኝቷል። ዘመነ ሙላት ይባላል።

ሰዉ ወደ ውሃና ብስኩቱ ሲበተን ዕትሙን አንሥቼ ገለጥኩት። አንዲት ሠ ብቻ። ያ የሚያምር እጅ ጽሑፉ ነው፣ ትንሽ ተንቀጥቅጧል እንጂ። ሥላሴ ጋ አሁንም ባዶ ነው። ሥጋ ቤቱ ባዶ ነው። ሠርጉም ባዶ ነው። ጥልቀቱን እንዳለ ትቶ እኔን ብቻ ሞላኝ። ነገ ሜዳልያውን ያጠልቁለታል፣ ታሪኩም እንዳለ ይታተማል፣ የኔ ስም አሁንም የለበትም፤ ሠራተኛዋ ነው የሚለው። ተናደድኩ ልበል ወይስ ደስ አለኝ? ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ በብርጭቆው ጫፍ ውሃ ይጠጣል።

«ሌሎቹስ?» አልኩት በጆሮው።

«ሌሎቹን ስመለስ እሞላቸዋለሁ» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ ግራጫው ኮት ትከሻው ላይ እስኪንቀጠቀጥ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የት ሄዶ እንደሚመለስ አልጠየቅኩትም። ክንዱን ያዝኩና የአዳራሹን ደረጃ አወረድኩት።